ክላየንቶች ከፖስትግሬስ ሰርቨር ጋር አልገናኝ ሲሉ፦ ችግሩ የት ደረጃ ላይ እንዳለ ማግኘት

የሽያጭ፣ የመጋዘን ወይም የሒሳብ ፕሮግራም ያለው መሥሪያ ቤት አደረጃጀቱ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። ኡቡንቱ የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ጥግ ላይ ተቀምጦ ፖስትግሬስ የተባለውን የዳታቤዝ ሶፍትዌር ከጀርባ ያሠራል፤ ክላየንት የሚባሉት በየጠረጴዛው ያሉት ኮምፒውተሮች ደግሞ በውስጥ ኔትወርክ እየገቡ መረጃ ያነባሉ፣ ይመዘግባሉ። አንድ ቀን ጠዋት «ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም» የሚል መልእክት ሲመጣ ብዙ ሰው የሚቸኩለው ወደ ሁለት ነገር ነው፦ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ያ ካልሠራ ፋየርዎሉን (የሚገባውን ግንኙነት የሚያጣራውን መከላከያ) ማጥፋትና ለማንኛውም አድራሻ ያለ ይለፍ ቃል መፍቀድ። ማጥፋትና ማብራቱ አንዳንዴ ችግሩን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ ምክንያቱን አያሳይም። ሁሉን መክፈቱ ደግሞ የደንበኞችን መረጃ ለማንም ያጋልጣል፤ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ ፋየርዎሉ ላይ ስላልነበር ምንም አይለውጥም።

አንድ ግንኙነት እስኪሳካ ድረስ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች አሉ። ክላየንቱ የሰርቨሩን አድራሻ ያውቃል፣ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ ያገኛል፣ ፖርቱን (ፕሮግራሙ የሚሰማበትን ባለቁጥር በር) ያንኳኳል፣ ፖስትግሬስ የፈቃድ ዝርዝሩን ያያል፣ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ በመጨረሻም ባዶ ቦታ ካለ ያስገባል። የስሕተት መልእክቱ ክላየንቱ የት ደርሶ እንደተመለሰ ይነግራችኋል። ስለዚህ መልእክቱ ሳይነበብ አንድም ፋይል አይነካ።

ምሳሌዎቹ ለኡቡንቱ 24.04 እና አብሮት ለሚመጣው ፖስትግሬስ 16 ናቸው፤ ኡቡንቱ 22.04 ላይ ከሆናችሁ 16 ባለበት ሁሉ 14 ብላችሁ አንብቡ። የሰርቨሩ አድራሻ 192.168.1.10 ነው እንበል። ትእዛዞችንና የፋይል ስሞችን እዚህ የጻፍናቸው በፊደላችን ነው፤ ተርሚናል ላይ ግን በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ሆሄ ይተየባሉ።

መልእክቱን ማንበብ

«ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» የሚለው ወዲያው፣ በዊንዶውስ ላይ ደግሞ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይመጣል። ትርጉሙ፦ በዚያ አድራሻ ያለው ማሽን ተገኝቷል፣ መልስም ሰጥቷል፣ ነገር ግን በዚያ ፖርት ላይ የሚሰማ የለም። ኬብሉም ዋይፋዩም ደኅና ነው ማለት ነው። የሚፈተሸው ፖስትግሬስ መሥራቱ፣ የሚሰማበት አድራሻና የፖርት ቁጥሩ ነው።

«ታይምድ አውት» ሲሆን ክላየንቱ ረጅም ጊዜ ጠብቆ ተስፋ ይቆርጣል። የላከው መልእክት መልስ አላገኘም። ሰርቨሩ ጠፍቷል፣ አድራሻው ተለውጧል፣ ክላየንቱ ሌላ ኔትወርክ ውስጥ ነው፣ ወይም ፋየርዎል መልእክቱን ያለ መልስ እየጣለው ነው። እዚህ ጋ የፖስትግሬስን ፋይሎች መነካካት ድካም ብቻ ነው።

«ፌታል» የሚል ቃል ያለበት መልእክት ደግሞ ከራሱ ከፖስትግሬስ የመጣ ነው። እሱ መልስ ከሰጠ ኔትወርኩ፣ ፖርቱና ፋየርዎሉ ሁሉ ታልፈዋል። ጥያቄው የፈቃድ፣ የይለፍ ቃል ወይም የቦታ ነው፤ ራውተሩ ጋ መሄድ አያስፈልግም።

«ኩድ ኖት ትራንስሌት ሆስት ኔም» ካለ ክላየንቱ የሰርቨሩን ስም ወደ ቁጥር መለወጥ አልቻለም። በስሙ ፋንታ 192.168.1.10 ብላችሁ ሞክሩ፤ ከገባ ችግሩ ስሙ ላይ ብቻ ነው።

ብዙ ፕሮግራሞች እውነተኛውን መልእክት ደብቀው «የዳታቤዝ ስሕተት» ብቻ ይላሉ። ያኔ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፒኤስኪውኤል የሚባለውን፣ በትእዛዝ ወደ ፖስትግሬስ የሚገባውን ፕሮግራም ክላየንቱ ላይ ጭኖ በእሱ መሞከር ነው፦

ፒኤስኪውኤል -ኤች 192.168.1.10 -ፒ 5432 -ዩ ካሸር -ዲ ስቶር

የተጠቃሚውን ስም የሚያስቀድመው ዩ ብቻ በትልቁ ሆሄ ይጻፋል። ሁለተኛው የሰርቨሩን ሎግ (የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል) ከፍቶ ክላየንቱ በሚሞክርበት ደቂቃ ምን እንደሚጻፍ ማየት ነው። ሎግ_ኮኔክሽንስ የሚለውን ቅንብር ኦን አድርጋችሁ ሪሎድ ካደረጋችሁ (ሳይጠፋ ቅንብሩን እንደገና እንዲያነብ ካዘዛችሁ) እያንዳንዱ የሚመጣ ግንኙነት ከነአድራሻው ይመዘገባል። በሙከራው ሰዓት ምንም መስመር ካልተጨመረ ጥያቄው ፖስትግሬስ ዘንድ አልደረሰም።

ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብሎ መጀመር

ብዙዎችን የሚያሳስተው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፦ ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ፖስትግሬስኪውኤል ሲባል ስክሪኑ በአረንጓዴ «አክቲቭ ኤክዚትድ» ይላል፤ ሰዉም «ይሠራል» ብሎ ያልፋል። በኡቡንቱና በደብያን ላይ ይህ አገልግሎት ጥላ ብቻ ነው፤ ራሱ ምንም አያሠራም፣ እውነተኛው ዳታቤዝ ቢወድቅም አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ማየት ያለባችሁ በዚህ ትእዛዝ ነው፦

ፒጂ_ኤልኤስክላስተርስ

በአንድ መስመር ላይ ስሪቱን፣ ሜይን የሚለውን ስም፣ ፖርቱን፣ ኦንላይን ወይም ዳውን መሆኑን፣ መረጃው ያለበትን አቃፊና የሎግ ፋይሉን ያሳያል። ፖርቱን በደንብ እዩት። የፖስትግሬስ የተለመደ ፖርት 5432 ነው፤ ኡቡንቱ ከ22.04 ወደ 24.04 ሲሻሻል ግን አሮጌው 14 በ5432 ላይ እንዳለ አዲሱ 16 በ5433 ሊቀመጥ ይችላል። ያኔ ፕሮግራሙ ወደ አንዱ፣ እናንተ ወደ ሌላው እየገባችሁ «ዳታቤዙ ጠፋ» የሚል ድንጋጤ ይፈጠራል። መረጃው አልጠፋም፤ በሌላኛው በር ነው ያለው።

ዳውን ከሆነ አስነሱት፦

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ስታርት ፖስትግሬስኪውኤል@16-ሜይን

እምቢ ካለ ደጋግሞ መሞከር ትርፍ የለውም። የሎጉን መጨረሻ አንብቡ፦

ሱዶ ቴይል -ኤን 50 /ቫር/ሎግ/ፖስትግሬስኪውኤል/ፖስትግሬስኪውኤል-16-ሜይን.ሎግ

«ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ» ካለ ዲስኩ ሞልቷል፤ ዲኤፍ -ኤች የቱ ክፍል እንደሞላ ያሳያል። ብዙ ጊዜ የሚሞላው በየማታው የሚወሰደው ባክአፕ እዚያው ዲስክ ላይ ሲከማች ነው። የቆዩትን ባክአፖች ወደ ሌላ ዲስክ አውጡ፣ ሱዶ አፕት ክሊን በሉ። ፒጂ_ዋል የሚባለውን፣ ዳታቤዙ ለውጦቹን አስቀድሞ የሚመዘግብበትን አቃፊ ግን ትልቅ ስለሆነና ሎግ ስለሚመስል ብቻ እንዳትነኩት። ከዚያ ፋይል ማጥፋት ዳታቤዙን ዳግም እንዳይነሳ ያደርገዋል።

የቅንብር ስሕተት ከሆነ ሎጉ የፋይሉንና የመስመሩን ቁጥር ይሰጣል። እኛ ዘንድ የሚበዛው ከቴሌግራም የተቀዳ መስመር ነው፤ ቀጥ ያለው ነጠላ ጥቅስ በመንገድ ወደ ጠማማ ጥቅስ ይለወጣል፣ ፖስትግሬስም አያውቀውም። ጥቅሱን አጥፍታችሁ በእጃችሁ ተይቡት።

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ክላየንቶቹ «ዘ ዳታቤዝ ሲስተም ኢዝ ስታርቲንግ አፕ» የሚል ፌታል ካገኙ ዳታቤዙ ያልተጠናቀቀውን ሥራ ከፒጂ_ዋል እያነበበ ራሱን እያስተካከለ ነው። ጠብቁት። እዚህ መሀል ማጥፋት ሥራውን እንደገና ያስጀምረዋል። ፖስትማስተር.ፒአይዲ የሚባለውን ፋይል አጥፉ የሚል ምክርም በየቦታው አለ፤ ፖስትግሬስ ራሱ ሲነሳ የቆየ መሆኑን ያጣራል፣ ስለዚህ በጣም አልፎ አልፎ ነው የሚያስፈልገው። በሥራ ላይ ያለ የፖስትግሬስ ሂደት እያለ ማጥፋት ግን ሁለት ሰርቨር በአንድ መረጃ ላይ እንዲነሳ ሊፈቅድ ይችላል፤ ያ ደግሞ መረጃውን ያበላሻል።

በማን በኩል ነው የሚሰማው?

ዳታቤዙ ኦንላይን ሆኖ «ሪፊዩዝድ» የሚል ከቀጠለ የሚሰማበትን አድራሻ እዩ፦

ሱዶ ኤስኤስ -ኤልቲኤንፒ | ግሬፕ 5432

127.0.0.1:5432 ብቻ ካያችሁ ሰርቨሩ የሚሰማው ራሱን ብቻ ነው፤ ሲጫን የሚመጣው እንዲህ ሆኖ ነው። 0.0.0.0:5432 ማለት በሁሉም የሰርቨሩ አድራሻዎች ይሰማል ማለት ነው። ይህን የሚወስነው በ/ኢቲሲ/ፖስትግሬስኪውኤል/16/ሜይን ውስጥ ያለው ፖስትግሬስኪውኤል.ኮንፍ ላይ የሚገኘው ሊስን_አድሬስስ ነው። መስመሩ ከፊቱ የ# ምልክት ካለው አልተነበበም፤ ምልክቱን አንሱ።

እዚህ ላይ ስር የሰደደ ስሕተት አለ። ሊስን_አድሬስስ የእንግዶች ዝርዝር የሚመስላቸው ሰዎች የክላየንቶቹን አድራሻ ይጽፉበታል። የሚጻፈው የሰርቨሩ የራሱ አድራሻ ነው። 192.168.1.23 የካሸሯ ኮምፒውተር ከሆነ እዚያ ላይ መጻፉ ምንም በር አይከፍትም፤ ሎጉ ላይ «ካኖት አሳይን ሪኩዌስትድ አድሬስ» የሚል ብቻ ይጨምራል።

ለውጡ የሚሠራው ሪስታርት ሲደረግ ነው፤ ሪሎድ አይበቃም። ከዚያ በፒኤስኪውኤል ውስጥ ሾው ሊስን_አድሬስስ ብላችሁ አረጋግጡ። አሁንም የድሮው ዋጋ ከሆነ ቅንብሩ ወደ ታች ተደግሞ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ የኋለኛው ያሸንፋል። ካልሆነ በመረጃው አቃፊ ውስጥ ያለውን ፖስትግሬስኪውኤል.አውቶ.ኮንፍ እዩ፤ ኦልተር ሲስተም በሚለው ትእዛዝ የተደረገ ለውጥ እዚያ ይቀመጣል፣ ከዋናው ፋይልም ይበልጣል።

መብራት በመጣ ቁጥር «ሰርቨሩ ላይ ይሠራል፣ ከሌላው ኮምፒውተር አይሠራም፣ ሪስታርት ሲደረግ ይስተካከላል» የሚባለው ምሬት እዚሁ ላይ ነው የሚፈታው። ሊስን_አድሬስስ ውስጥ ሎካልሆስትና 192.168.1.10 ተብሎ ከተጻፈ፣ ሰርቨሩ ደግሞ አድራሻውን ከራውተሩ የሚቀበል ከሆነ፣ ሁለቱም አብረው ሲበሩ ፖስትግሬስ ራውተሩን ሊቀድም ይችላል። በዚያች ቅጽበት 192.168.1.10 ገና አልተሰጠም፤ ፖስትግሬስ ሎጉ ላይ ማስጠንቀቂያ ጽፎ በሎካልሆስት ብቻ ይነሳል። በኋላ አድራሻው ሲመጣ ተመልሶ አይሞክርም። ለትንሽ መሥሪያ ቤት የሚሻለው ሊስን_አድሬስስን በነጠላ ጥቅስ ውስጥ '*' አድርጎ፣ ማን እንደሚገባ በፋየርዎልና በፈቃድ ዝርዝሩ መወሰን ነው።

ከክላየንቱ በኩል ማንኳኳት

አሁን ወደ ክላየንቱ ሂዱ። ዊንዶውስ ላይ ፓወርሼል ከፍታችሁ፦

ቴስት-ኔትኮኔክሽን 192.168.1.10 -ፖርት 5432

መጨረሻው ላይ ቲሲፒቴስትሰክሲድድ ትሩ ካለ መንገዱ ክፍት ነው። ሊኑክስ ላይ ኤንሲ -ቪዜድ 192.168.1.10 5432 ያው ሥራ ይሠራል። ፒጂ_ኢዝሬዲ ካለ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ያለ ይለፍ ቃል «አክሴፕቲንግ ኮኔክሽንስ»፣ «ሪጀክቲንግ ኮኔክሽንስ» ወይም «ኖ ሪስፖንስ» ብሎ ይለያል። መሀለኛው ዳታቤዙ ገና በመነሳት ላይ መሆኑን ይናገራል።

በፒንግ ብቻ አትፍረዱ። ፒንግ የሚዘጋ ፋየርዎል ፖርቱን ሊከፍት፣ ፒንግ የሚመልስ ማሽንም ፖርቱን ሊዘጋ ይችላል።

ከሰርቨሩ ሲሞከር ይሠራል፣ ከክላየንቱ «ታይምድ አውት» ይላል ከሆነ ሱዶ ዩኤፍደብሊዩ ስታተስ በሉ። የኡቡንቱ ፋየርዎል የሆነው ዩኤፍደብሊዩ ሲበራ ያልተፈቀደለትን ያለ መልስ ይጥላል፤ ለዚያ ነው «ሪፊዩዝድ» ሳይሆን ዝምታ የሚመጣው። ፋየርዎሉን አታጥፉት፤ ለውስጥ ኔትወርኩ ብቻ ክፈቱ፦

ሱዶ ዩኤፍደብሊዩ አላው ፍሮም 192.168.1.0/24 ቱ ኤኒ ፖርት 5432 ፕሮቶ ቲሲፒ

አድራሻው ተለውጦ እንደሆነ ሰርቨሩ ላይ አይፒ ኤ ብላችሁ አረጋግጡ። ከራውተሩ የሚቀበል ሰርቨር አንድ ቀን 192.168.1.10፣ ሌላ ቀን 192.168.1.17 ሊሆን ይችላል። ራውተሩ ገጽ ላይ ገብታችሁ ለሰርቨሩ ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ) ያንን ቁጥር አስይዙለት። ቋሚ ቁጥሩን ሰርቨሩ ላይ ራሱ የምትሰጡት ከሆነ ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጪ ይሁን፤ አለበለዚያ ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ለአንድ ሰው ስልክ ይሰጠዋል። ምልክቱ ግራ ያጋባል፦ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም፤ ስልኩ ከዋይፋይ ሲወጣ ይስተካከላል። ክላየንቱ ላይ ኤአርፒ -ኤ ብላችሁ ከ192.168.1.10 ጎን ያለው ማክ አድራሻ የሰርቨሩ መሆኑን አስተያዩ።

ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ተገልብጦ ከሆነ ቅንብሩ ውስጥ ሎካልሆስት እንደተባለ ይቀራል። ሎካልሆስት ሁልጊዜ «እኔው ራሴ» ማለት ነው፤ ካሸሯ ኮምፒውተር ላይ ሲጻፍ የካሸሯን ኮምፒውተር ነው የሚፈልገው።

ሁለት ራውተር ያለበት ቤት ደግሞ ልዩ ነገር አለው። ዋይፋይ ለማስፋት ሁለተኛ ራውተር ተገዝቶ ኬብሉ በዋን (ወደ ውጭ በሚያገናኘው) ወደቡ ከተሰካ ሌላ ኔትወርክ ይፈጥራል፤ ለምሳሌ 192.168.0 ብሎ የሚጀምር። ክላየንቱ በሁለተኛው ራውተር ሥር፣ ሰርቨሩ በመጀመሪያው ሥር ከሆነ ግንኙነቱ ይወጣል፤ ፖስትግሬስ የሚያየው ግን የሁለተኛውን ራውተር አድራሻ ነው፣ የክላየንቱን አይደለም። ሰርቨሩ በሁለተኛው ሥር ከሆነ ከመጀመሪያው በኩል የሚመጣ ክላየንት ጭራሽ አይደርስበትም። መፍትሔው የሁለተኛውን ራውተር አድራሻ ማደያ አጥፍቶ፣ የራሱንም ቁጥር ከመጀመሪያው ጋር እንዳይጋጭ ለውጦ፣ ኬብሉን ከዋን ወደ ላን ወደብ ማዛወር ነው። ለእንግዳ የተከፈተ ዋይፋይ ላይ ያለ ኮምፒውተርም ኢንተርኔት እያለው ሰርቨሩን አያገኝም፤ ራውተሩ ሆን ብሎ ይለያቸዋል። ክላየንቱ ላይ ቪፒኤን በርቶ ከሆነም አጥፍታችሁ ሞክሩ፤ አንዳንዶቹ ሲበሩ የውስጥ ኔትወርኩን ይዘጋሉ።

የፈቃድ ዝርዝሩ

«ፌታል፦ ኖ ፒጂ_ኤችቢኤ.ኮንፍ ኤንትሪ ፎር ሆስት» የሚለው መልእክት ከሁሉም ይበልጥ ግልጽ ነው። ፖስትግሬስ ያየውን አድራሻ፣ የተጠቃሚውን ስም፣ የዳታቤዙን ስምና ግንኙነቱ የተመሰጠረ መሆን አለመሆኑን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የምትፈቅዱት መልእክቱ ውስጥ ያለውን አድራሻ ነው፤ ክላየንቱ ላይ ያነበባችሁት የተለየ ከሆነ መሀል ላይ ሌላ ራውተር አለ።

ፒጂ_ኤችቢኤ.ኮንፍ በዚያው በ/ኢቲሲ አቃፊ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ መስመር የግንኙነቱን ዓይነት፣ ዳታቤዙን፣ ተጠቃሚውን፣ የሚመጣበትን አድራሻና የማረጋገጫ ዘዴውን በተራ ይጽፋል፦

ሆስት ስቶር ካሸር 192.168.1.0/24 ስክራም-ሻ-256

ሎካል ብሎ የሚጀምር መስመር እዚያው ሰርቨሩ ላይ በሶኬት ለሚገባ ብቻ ነው፤ በኔትወርክ ለሚመጣ አያገለግልም። ፖስትግሬስ ከላይ ወደ ታች እያነበበ መጀመሪያ የገጠመውን መስመር ይይዛል፤ እዚያ ላይ ማረጋገጫው ቢወድቅ ወደሚቀጥለው አያልፍም። ስለዚህ ከላይ ለ0.0.0.0/0 ሪጀክት የሚል መስመር ካለ ከሥሩ የጨመራችሁት ፈቃድ ዋጋ የለውም። ትረስት የሚለው ዘዴ የይለፍ ቃል ጨርሶ አይጠይቅም። ለሙከራ ተብሎ ይጻፋል፣ ሥራው ሲሠራ ይረሳል፤ ለኔትወርክ መስመር ለአንድ ደቂቃም አትጠቀሙበት።

ለዚህ ፋይል ሪሎድ ይበቃል፦ ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪሎድ ፖስትግሬስኪውኤል@16-ሜይን። ይሁን እንጂ ሪሎዱ «ተሳክቷል» ማለቱ ፋይሉ ተነበበ ማለት አይደለም። አንድ መስመር ላይ ስሕተት ካለ ፖስትግሬስ አዲሱን ፋይል ጥሎ በድሮው ዝርዝር ይቀጥላል፤ ሎጉ ላይ ብቻ «ፒጂ_ኤችቢኤ.ኮንፍ ዎዝ ኖት ሪሎድድ» ይላል። አደጋው የሚመጣው በኋላ ነው። ዳታቤዙ ለሳምንታት በድሮው ዝርዝር ሲሠራ ይቆይና መብራት ሄዶ ሲመጣ ያንኑ የተሳሳተ ፋይል እንደ አዲስ ለማንበብ ይሞክራል፤ ስላልቻለ አይነሳም። «ማንም ምንም አልነካም፣ መብራት ሲመጣ ሞተ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ፋይሉን በለወጣችሁ ቁጥር ፒጂ_ኤችቢኤ_ፋይል_ሩልስ የሚለውን እይታ በሴሌክት አንብቡ፤ ኤረር የሚለው ዓምድ ባዶ ካልሆነ የመስመሩ ቁጥር እዚያው አለ።

የይለፍ ቃሉ አልሆን ሲል

«ፓስወርድ ኦተንቲኬሽን ፌልድ» ማለት የግድ የይለፍ ቃሉ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። ተጠቃሚው ጭራሽ ባይኖርም ፖስትግሬስ ለክላየንቱ ያንኑ መልእክት ይልካል፤ ይህም ማን እንዳለ ለሚያጠና ሰው እንዳይነግር ነው። እውነቱ ሰርቨሩ ሎግ ላይ ነው፦ ሮሉ (ተጠቃሚው) እንደሌለ፣ ጊዜው እንዳለፈበት ወይም በፒጂ_ኤችቢኤ ስንተኛው መስመር እንደተዳኘ ይጽፋል።

በስሙ ሆሄ ተጠንቀቁ። ተጠቃሚ ሲፈጠር ስሙ በድርብ ጥቅስ ካልተጻፈ ሁሉም ወደ ትንንሽ ሆሄ ይለወጣል፤ ክላየንቱ ግን የጻፋችሁትን እንዳለ ነው የሚልከው። በትልቅ ሆሄ የጀመራችሁት ስም ስለዚህ አይገኝም። ሌላው የኪቦርዱ ቋንቋ ነው። የይለፍ ቃሉ ሲተየብ ስለማይታይ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ሳይስተዋል ይቀራል። ኖትፓድ ላይ አንዴ ተይባችሁ እዩት።

ከፖስትግሬስ 14 ጀምሮ የይለፍ ቃል ሲሰጥ በስክራም-ሻ-256 ነው የሚቀመጠው፤ ከዚያ በፊት ኤምዲ5 ነበር። ከዚህ ሁለት ችግር ይወለዳል። ከአሮጌ ሰርቨር የመጣ ተጠቃሚ ቃሉ በኤምዲ5 ተቀምጦ ሳለ ፒጂ_ኤችቢኤ ስክራም ከጠየቀ ትክክለኛውን ቃል ቢሰጥም አይገባም፤ ሎጉ «ደዝ ኖት ሃቭ ኤ ቫሊድ ስክራም ሲክሬት» ይላል። ፒኤስኪውኤል ገብታችሁ በ\ፓስወርድ ያንኑ ቃል እንደገና ስጡት፣ ይበቃል። በተቃራኒው አሮጌ ፕሮግራም «ኦተንቲኬሽን ታይፕ 10 ኢዝ ኖት ሰፖርትድ» ካለ ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ድራይቨር ስክራምን አያውቅም። ለጃቫ 42.2.0 ወይም ከዚያ በላይ፣ በሊብፒኪው ለሚሠሩ ደግሞ 10 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ሰርቨሩን ወደ ኤምዲ5 ከማውረድ ድራይቨሩን ማሳደግ ይሻላል፤ ኤምዲ5 እየተሰናበተ ያለ ዘዴ ነው።

ቦታ ሞልቷል

«ሶሪ፣ ቱ ሜኒ ክላየንትስ ኦልሬዲ» የሚለው የሚመጣው ማክስ_ኮኔክሽንስ ሲሞላ ነው፤ ሲጫን 100 ነው፣ ከዚያም 3 ለአስተዳዳሪ ተይዘዋል። አሥር ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት 100 ከሞላበት ቁጥሩ አንሶ ሳይሆን ፕሮግራሙ የከፈተውን ሳይዘጋ ነው። በተያዘው ቦታ በፖስትግሬስ ተጠቃሚነት ገብታችሁ ፒጂ_ስታት_አክቲቪቲን በክላየንት_አድር እና በስቴት እየመደባችሁ ቁጠሩ። አንድ አድራሻ ብቻውን 60 አይድል (ሥራ ፈት) ግንኙነት ከያዘ ጥፋተኛው ተገኘ። ጊዜያዊ ማስታገሻው አይድል_ሴሽን_ታይምአውትን ለዚያ ተጠቃሚ መስጠት ነው፤ ከ14 ጀምሮ አለ። ቁጥሩን ወደ 500 መጫን ግን እያንዳንዱ ግንኙነት የራሱ ሂደትና ሜሞሪ ስላለው 4 ጊጋ ራም ያለውን ሰርቨር ያፍነዋል። ብዙ ግንኙነት በእርግጥ ካስፈለገ ጥቂት ግንኙነቶችን ለብዙ ክላየንት የሚያጋራውን ፒጂባውንሰርን ከፊት አስቀምጡ፤ ፖርቱ 6432 ስለሆነ ፋየርዎሉ ላይ እሱንም መክፈት አትርሱ።

ከምሳ ሲመለሱ ብቻ የሚቋረጥ ግንኙነት ሌላ ጉዳይ ነው። መሀል ያለው ራውተር ወይም ፋየርዎል ዝም ያለውን መስመር ይረሳዋል፤ ሊኑክስ ደግሞ «አለህ?» ብሎ የሚጠይቀው ከ7200 ሰከንድ በኋላ ነው። ቲሲፒ_ኪፕአላይቭስ_አይድልን 60 አድርጉት።

ከሌላ ከተማ ቅርንጫፍ

ሐዋሳ ያለ ቅርንጫፍ አዲስ አበባ ካለው ሰርቨር ጋር ይገናኝ ሲባል በቅድሚያ የራውተሩን የውጭ አድራሻ እዩ። ራውተሩ ገጽ ላይ ያለው ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል የሚጀምር ከሆነ አድራሻውን ከሌሎች ደንበኞች ጋር ትጋራላችሁ፤ ራውተሩ ላይ ፖርት ማስተላለፍ ምንም አያመጣም። የሕዝብ አድራሻ ቢኖርም 5432ን ወደ ኢንተርኔት አትክፈቱ፤ ፖርቶችን ቀን ከሌሊት እየዞሩ የሚሞክሩ ማሽኖች አሉ።

የሚሻለው ዋየርጋርድ የተባለው ቪፒኤን ነው። ከሁለቱ ወገን አንዱ የሕዝብ አድራሻ ካለው በእሱ፣ ሁለቱም ከሌላቸው በትንሽ የተከራየ ሰርቨር በኩል ይገናኛሉ፤ የሚከፈተው ዩዲፒ 51820 ብቻ ነው። ከተጋራ አድራሻ በስተጀርባ ያለው ወገን ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ 25 ይሰጠው፤ አለበለዚያ ዝም ባለ ጊዜ መንገዱ ይዘጋል። የዋየርጋርዱ ክልል ለምሳሌ 10.8.0.0/24 ከሆነ ፖስትግሬስ የሚያየው ከዚያ የመጣ አድራሻ ስለሆነ ፒጂ_ኤችቢኤ ላይም ዩኤፍደብሊዩ ላይም አዲስ መስመር ይጨመራል።

አልገናኝ ካለ ሱዶ ደብሊዩጂ ሾው በሉ። ሌተስት ሃንድሼክ (ሁለቱ ወገኖች መጨረሻ የተዋወቁበት ጊዜ) የሚለው መስመር ጨርሶ ከሌለ ዩዲፒው አልደረሰም፣ ወይም ቁልፎቹ ተዛንፈዋል። ሃንድሼክ ኖሮ መረጃ ካልተላለፈ አላውድ አይፒስ ውስጥ የሌላኛው ወገን ክልል ጎድሏል። ሃንድሼኩም አለ፣ ፒኤስኪውኤልም ይገባል፣ ትንንሽ ጥያቄዎች ይመለሳሉ፣ ረጅም ሪፖርት ሲጠየቅ ግን ስክሪኑ ይደርቃል ከሆነ የፓኬት መጠን ነው። ዋየርጋርድ ብዙ ጊዜ ኤምቲዩን (የአንድ ፓኬት ትልቁን መጠን) 1420 ያደርገዋል፤ አንዳንድ የሞባይል መስመር ያንን አያሳልፍም። በሁለቱም ወገን ቅንብር ላይ ኤምቲዩ 1280 ብላችሁ ጻፉ፣ ዋየርጋርዱን አጥፍታችሁ አስነሱት፣ ከዚያ ያንኑ ረጅም ሪፖርት እንደገና ጠይቁ።